በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጥ የሬዲዮ ግንኙነት ለባሕርና ለሐይቅ ጉዞ ደህንነት፦ ለየካ ክፍለ ከተማና ለእንጦጦ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር ብትሆንም ከባሕር ጋር ያላት ግንኙነት አልተቋረጠም። የወጪና የገቢ ንግዷ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ በኩል ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሥርቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ በመባል የሚታወቀው ተቋም የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ በሚያውለበልቡ መርከቦች ይሠራል። ኢትዮጵያውያን የባሕር ባለሙያዎች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ያገለግላሉ። በአገር ውስጥም በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛና ጭነት በጀልባ ይመላለሳል።

በእነዚህ ጉዞዎች ላይ አደጋ ሲደርስ መዳንና አለመዳን የሚወሰነው የድረሱልኝ ጥሪው በጊዜ በመሰማቱና በትክክል በመተላለፉ ነው። ጥሪውን የመቀበልና የማስተላለፍ ኃላፊነት የመንግሥታትና የነፍስ አድን ማዕከላት ቢሆንም፣ ፈቃድ ያላቸው በጎ ፈቃደኛ የሬዲዮ ተጠቃሚዎች በተለያዩ አገሮች ለዚህ ሥራ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ የድጋፉን ምንነት፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች አካባቢ የሚኖር ሰው ሊያበረክት የሚችለውን አስተዋጽኦ፣ አስቀድሞ ሊሟላ የሚገባውን ፈቃድ እና ጥሪ ሲሰማ የሚወሰዱትን እርምጃዎች ያብራራል።

የአማተር ሬዲዮ ምንነት

አማተር ሬዲዮ ግለሰቦች ያለ ገንዘብ ጥቅም፣ ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒካዊ ምርምር ለማድረግ የሚጠቀሙበት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እውቅና የተሰጠው አገልግሎት ነው። ለንግድ ሥራ መጠቀሚያነት አይውልም፤ መልእክትን በምስጢር ኮድ መሸፈንም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። በሌላ ሦስተኛ ወገን ስም ወደ ውጭ አገር መልእክት ማስተላለፍ የሚፈቀደው ለድንገተኛ አደጋና ለነፍስ አድን ሥራ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መንግሥታት የአማተር ጣቢያዎችን ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት ዝግጁ የሚያደርጉ እርምጃዎችን እንዲወስዱም ያበረታታል።

እያንዳንዱ ፈቃድ ያለው ጣቢያ የራሱ የጥሪ ምልክት አለው። ለኢትዮጵያ የተመደቡት መነሻ ፊደላት «ኢቲ»፣ «9ኢ» እና «9ኤፍ» ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአምስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ የጥሪ ምልክት «ኢቲ3ኤኤ» ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች ኢትዮጵያን ከሚያውቁባቸው ድምፆች አንዱ ነው። ለየካ ነዋሪዎችም በቅርብ ርቀት የሚገኝ ነው።

የበጎ ፈቃደኛው ቦታ በባሕር ደህንነት ሥርዓት ውስጥ

የባሕር ላይ ድንገተኛ ግንኙነት ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 1999 ጀምሮ በሙሉ ተግባራዊ ሆኗል። በዚህ ሥርዓት መሠረት በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚገኙ የመንገደኛ መርከቦችና ጠቅላላ የይዘት መጠናቸው 300 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የጭነት መርከቦች የአደጋ ምልክት የሚልኩ መሣሪያዎችን መያዝ ግዴታቸው ነው። ከእነዚህም መካከል በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ ተንሳፋፊ መሣሪያ ይገኝበታል። ለአጭር ርቀት የድምፅ ጥሪ በ156.8 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ቻናል 16 ያገለግላል። እያንዳንዱ መርከብ ባለ ዘጠኝ አኃዝ መለያ ቁጥር ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የተመዘገቡ መርከቦች ቁጥር በ624 ይጀምራል።

አማተር ሬዲዮ ይህን ሥርዓት የሚተካ አይደለም። የሚያግዘው ሥርዓቱ በማይደርስበት ክፍተት ነው። ትናንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች፣ የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎችና በባሕር ዳርቻ የሚመላለሱ አነስተኛ የእንጨት መርከቦች የተጠቀሱትን መሣሪያዎች እንዲይዙ በዓለም አቀፉ ስምምነት አይገደዱም። መሣሪያ የያዘ መርከብም ቢሆን የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተቋርጦ አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ብቻ ሊቀረው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በ14.300 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች የባሕር ተጓዦች መረብ የተቋቋመው ለዚሁ ዓላማ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ በየዕለቱ ተራ ገብተው ያዳምጣሉ፤ የተቀበሉትን የአደጋ ጥሪ ለባሕር ዳርቻ ጥበቃ ያስተላልፋሉ።

ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ አማተር ሬዲዮ ኅብረት ቀጣና 1 ለድንገተኛ አደጋ ግንኙነት መሰባሰቢያ እንዲሆኑ የተለዩት ፍሪኩዌንሲዎች 3.760፣ 7.110፣ 14.300፣ 18.160 እና 21.360 ሜጋኸርዝ ናቸው።

ከባሕር የራቀ አድማጭ የሚሰጠው ጥቅም

ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው ለመርከበኛ ምን ሊረዳ ይችላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ በአጭር ሞገድ ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። በዚህም ምክንያት በአቅራቢያ ያለ ጣቢያ ያልሰማውን ጥሪ በሩቅ ያለ ጣቢያ ጥርት አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

ለዚህ የታወቀው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1928 የተፈጸመው ነው። «ኢታሊያ» የተባለችው የጣሊያን አየር መርከብ ግንቦት 25 ቀን ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በበረዶ ላይ ወደቀች። ከአደጋው የተረፉት ሰዎች በአነስተኛ ሬዲዮ ለቀናት ጥሪ ቢያሰሙም ሊረዳቸው ወደ አካባቢው የተላከችው መርከብ አልሰማቻቸውም። ሰኔ 3 ቀን ጥሪውን የሰማው ኒኮላይ ሽሚት የተባለ፣ ከባሕር ርቃ በምትገኝ የሩሲያ መንደር የሚኖር ወጣት አማተር ነበር። ሽሚት የሰማውን በቴሌግራም ወደ ሞስኮ አሳወቀ፤ «ክራሲን» የተባለችው የበረዶ ሰባሪ መርከብም ሐምሌ 12 ቀን በሕይወት የቀሩትን ደረሰችላቸው። ወጣቱ ያደረገው ሦስት ነገር ነው፦ በትዕግሥት አዳመጠ፣ የሰማውን መዘገበ፣ ለሚመለከተው አካል ሳይዘገይ አሳወቀ። የበጎ ፈቃደኛ ተግባር ዛሬም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን አድማጮች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የባሕር ላይ ግንኙነት በእንግሊዝኛ ቢካሄድም፣ በጭንቅ ላይ ያለ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊቀድመው ይችላል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የሚሰማን ጥሪ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያልፍ የሌላ አገር መርከብ ላይረዳው ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለ አድማጭ ግን ይረዳዋል።

የየካና የእንጦጦ መልክዓ ምድር

የእንጦጦ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ይህ ከፍታ ለቪኤችኤፍ ግንኙነት ጠቃሚ ነው፤ ከተራራው ላይ የሚነሣ ምልክት ከተማዋንና ዙሪያዋን በሰፊው ይሸፍናል። ሆኖም የቪኤችኤፍ ሞገድ በአብዛኛው ከእይታ አድማስ ብዙም ስለማያልፍ፣ በቀጥታ መስመር ከ550 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ርቆ ከሚገኘው የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ስለሆነም ከእንጦጦ ላይ በእጅ ሬዲዮ ቻናል 16ን በመክፈት የመርከቦችን ጥሪ መከታተል አይቻልም። ወደ ባሕር የሚያደርሰው አጭር ሞገድ ነው።

በአጭር ሞገድም ቢሆን የፍሪኩዌንሲ ምርጫ እንደ ርቀቱና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከየካ በቀጥታ መስመር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው የባሕር ዳርና የጣና አካባቢ በቀን 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ይስማማል። ዝቅ ብሎ በተዘረጋ የሽቦ አንቴና ምልክቱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ በመካከል ያሉት ተራሮች አያግዱትም። ለሕንድ ውቅያኖስ ሩቅ ክፍሎች ደግሞ በቀን 14 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉት ይመረጣሉ።

በቀበናና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሸለቆ ውስጥ ያሉ ቤቶች በተራራው ስለሚከለሉ ከአድማሱ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የሩቅ ምልክት ሊደክምባቸው ይችላል። በኮተቤና በሲኤምሲ በኩል ያለው ሜዳማ ሥፍራ የተሻለ ነው። በሁሉም ሥፍራ ግን የክረምቱ መብረቅ አደገኛ ነው። ከቤት ውጭ የተተከለ አንቴና በባለሙያ የተሠራ የኧርዝ መስመር ሊኖረው፣ ደመና ሲጠቁርም ከመሣሪያው ሊነቀል ይገባል። አንቴና ከኤሌክትሪክ መስመር በሚገባ ርቆ መተከል አለበት። በእንጦጦ ደንና በፓርኩ ክልል ውስጥ ምሰሶ ለመትከል ወይም በዛፍ ላይ ሽቦ ለመዘርጋት የሥፍራውን አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈቃድ ስለማግኘት

የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሕዝብ ሀብት ነው። አጠቃቀሙን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ለማቋቋም የሚፈልግ ነዋሪ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል እንዲፈጽም ይመከራል።

1. መሣሪያ ከመግዛቱ ወይም ከውጭ ከማስመጣቱ በፊት ለባለሥልጣኑ ማመልከቻ ማቅረብና የሚጠየቁትን መስፈርቶች መረዳት። ያለ ፈቃድ የገባ የመገናኛ ሬዲዮ በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል፤ ዘመድ ከውጭ በስጦታ የላከው መሆኑም ከፈቃድ ነፃ አያደርገውም።

2. መሣሪያው በባለሥልጣኑ ተቀባይነት ያለው ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ።

3. የሬዲዮ ደንብን፣ የአሠራር ሥነ ሥርዓትንና መሠረታዊ የኤሌክትሪክ እውቀትን መማር። በዚህ ረገድ ከአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ልምድ መቅሰም ይቻላል።

4. ፈቃድና የጥሪ ምልክት ከተሰጠ በኋላ በፈቃዱ ላይ በተገለጹት ፍሪኩዌንሲዎችና የኃይል መጠን ብቻ መሥራት።

የድረሱልኝ ጥሪ ሲሰማ የሚወሰዱ እርምጃዎች

በባሕር ላይ ግንኙነት ሦስት የጥሪ ደረጃዎች አሉ። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ሲደጋገም በሕይወት ላይ የተጋረጠ ከባድና ፈጣን አደጋን፣ «ፓን ፓን» አስቸኳይ ግን ለጊዜው ለሕይወት የማያሰጋ ችግርን፣ «ሴኪዩሪቴ» ደግሞ የአየር ጠባይና የጉዞ ደህንነት ማስጠንቀቂያን ያመለክታሉ። ሜይዴይ የሰማ አማተር እንደሚከተለው ይሠራል።

1. ማሰራጨቱን ወዲያውኑ አቁሞ ያዳምጣል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ሁለቱም ላይሰሙ ይችላሉ።

2. የሰማውን ሁሉ በጽሑፍ ይመዘግባል፦ ፍሪኩዌንሲውን፣ ሰዓቱን፣ የመርከቡን ስምና የጥሪ ምልክት፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የአደጋውን ዓይነት፣ የተሳፋሪዎችን ቁጥርና የተጠየቀውን እርዳታ።

3. ለጥሪው ምላሽ የሰጠ የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ወይም የተሻለ የሚሰማ ሌላ ጣቢያ መኖሩን ጥቂት ጠብቆ ያረጋግጣል። ካለ ጣልቃ አይገባም፤ ማዳመጡን ግን ይቀጥላል።

4. ማንም ካልመለሰ ራሱ ይመልሳል፤ ያልተሟላውን መረጃ ይጠይቃል፤ የመዘገበውን መልሶ በማንበብ ያረጋግጣል። የዓለም አቀፉ ደንብ በአደጋ ላይ ያለ ጣቢያም ሆነ እርዳታ የሚሰጠው ጣቢያ ያለውን ማናቸውንም የሬዲዮ መንገድ ከመጠቀም አይከለክልም።

5. መረጃውን ሳይዘገይ ለነፍስ አድን ማዕከል እንዲደርስ ያደርጋል። ለምሥራቅ አፍሪካ ውኃዎች በሞምባሳ ቀጣናዊ የባሕር ነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ይገኛል። ቀጥታ ስልክ ካልተገኘ በባሕር ዳርቻ አገሮች ባሉ አማተሮች በኩል ማስተላለፍ ይቻላል። መርከቡ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ከሆነ ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንና ለመርከቡ ድርጅት ይነገራል። አደጋው በጣና ላይ ከሆነ በሐይቁ ዳርቻ ለሚገኘው የፖሊስና የአስተዳደር አካል ይነገራል።

6. ኃላፊነቱን የተረከበ አካል መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ ፍሪኩዌንሲውን አይለቅም።

ሰዓት፣ ቀንና ቦታ በትክክል ስለመመዝገብ

ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ መልእክት ሊሳሳት የሚችልበት ዋናው ምክንያት የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። ዓለም አቀፉ ሰዓት ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፤ በአገራችን የተለመደው አቆጣጠር ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ6 ሰዓት ይለያል። ለምሳሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተሰማ ጥሪ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 12፡00፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 09፡00 ነው። አድማጩ «6 ሰዓት» ብሎ ብቻ ቢያስተላልፍ ተቀባዩ ጥሪው ከሦስት ሰዓት በፊት የተሰማ ይመስለዋል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞተሩ የቆመ ጀልባ በነፋስና በማዕበል ብዙ ርቀት ስለሚወሰድ ፍለጋው የሚጀመርበት ቦታ ይሳሳታል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁልጊዜ ዓለም አቀፉ ሰዓትና የጎርጎርዮሳዊው ቀን ሊጻፍ ይገባል።

ቦታን በሚመለከት ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪና በደቂቃ ይመዘገባሉ። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ወይም 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ወይም 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም የአንድ አኃዝ ስሕተት ነፍስ አድን መርከብን ወደ ሌላ ባሕር ሊልክ ይችላል። በእንግሊዝኛ 15 እና 50 በድምፅ ስለሚቀራረቡ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ፊደላትም በዓለም አቀፉ የፊደል አጠራር ይገለጻሉ። ለምሳሌ «ኢቲ» የሚለው መነሻ «ኤኮ ታንጎ» ተብሎ ይነገራል።

ጥንቃቄና ክልከላ

ያለ እውነተኛ አደጋ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማት፣ ለልምምድም ሆነ ለቀልድ፣ የተከለከለ ነው። ልምምድ ሲደረግ በእያንዳንዱ መልእክት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ «ይህ ልምምድ ነው» ሊባል ይገባል። በአማተር ፈቃድ በመርከቦችና በአውሮፕላኖች ፍሪኩዌንሲ የዕለት ተዕለት ግንኙነት ማድረግ አይቻልም። በአደጋ ጥሪ የተሰማን ስምና ሁኔታ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትም ክልክል መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል፤ የመርከበኛው ቤተሰብ መርዶውን ወይም የምሥራቹን መስማት የሚገባው ከሚመለከተው አካል ነው። ዘመዳቸው በባሕር ላይ የሚሠራ ቤተሰቦችም ወሬ ሲሰሙ በመጀመሪያ የቀጠረውን ድርጅት ቢጠይቁ ይመረጣል።

በመጨረሻም የአገልግሎቱ ወሰን ግልጽ ሊሆን ይገባል። ከጅቡቲና ከሶማሊያ ዳርቻ ወደ የመን በደላሎች ጀልባ የተሳፈሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በባሕር ላይ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሬዲዮም ሆነ የአደጋ ምልክት መላኪያ ያልያዘ፣ ከአቅም በላይ የተጫነ ጀልባ ሲሰጥም ጥሪ የሚያሰማበት መንገድ የለውም። ያልተላለፈን ጥሪ ደግሞ እንጦጦ ላይ ያለው አንቴና ምንም ያህል ረጅም ቢሆን ሊሰማው አይችልም። ስለዚህ በባሕርም ሆነ በሐይቅ ለመጓዝ የሚሳፈር ሰው ጀልባው የመንሳፈፊያ ጃኬትና የሚሠራ መገናኛ መያዙን አስቀድሞ የመጠየቅ መብት እንዳለው ማወቅ፣ ከሌለው ደግሞ አለመሳፈር፣ ከማንኛውም በጎ ፈቃደኛ እርዳታ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።